የእንግሊዝ ሴቶች ደራሲያን ስለ ፍቅርና ስለ ጋብቻ የጻፉትን ለሚነቅፉ የተሰጠ መልስ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመነ መንግሥት፥ ይኸውም ከ1837 እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው)፥ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሴቶች ደራሲያን ተነሥተው ልብ ወለድ ታሪክ ጻፉ። መጻሕፍታቸውም እንግሊዝኛ በተማሩት ልጆቻችን እጅ ይገኛሉ። ስለ እነዚህ መጻሕፍት ከእኛ ከቤተ ክህነት ሰዎች ወገን የሚነገረውን ነቀፋ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ነቀፋውም በአጭር ሲነገር፥ የልጃገረዶችን ልብ በፍቅር ያሰክራሉ፥ ባልን ከማክበርና ወላጅን ከመስማት ያርቃሉ፥ ስለዚህ ከሴት ልጅ እጅ ሊወጡ ይገባል የሚል ነው። ነቃፊዎቹን ከየትኛው መጽሐፍ፥ ከየትኛውስ ገጽ ይህን አገኛችሁት ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። ስሙን ሰምተው ፈርደዋልና። በጉባኤ ቤት ግን ንባቡን ያልቀጸለ ሰው ለትርጓሜ አይቀመጥም።

እኔ እንዳነበብሁት እነዚህ ሴቶች ያወገዙት ሁለት ነገር ነው፤ ጋብቻ የሌለበትን ፍቅርና ፍቅር የሌለበትን ጋብቻ። በፊተኛው ከእኛ ጋር አንድ ቃል ናቸው። በሁለተኛው ግን፥ ይልቁንም ፍቅር የሌለበት ጋብቻ የእግዚአብሔርን ስም ለብሶ ሲመጣ፥ ፍርዳቸው ከደጃችን ይደርሳል። ስለ ልጃገረዶች እንሰጋለን የምንለው ሁሉ ይህን ፍርድ ላለመስማት የተፈለገ ሰበብ እንደ ሆነ እፈራለሁ።

አስቀድሞ ማን እንደ ነበሩ ይታወቅ። ሦስቱ የብሮንቴ እኅትማማች፥ ሻርሎት፥ ኤሚሊና አን፥ በዮርክሻየር አውራጃ ሃዎርዝ በተባለ መንደር የነበረ የቄስ ልጆች ናቸው፤ ያደጉትም በቤተ ክርስቲያኑ መቃብር አጠገብ በተሠራው በካህኑ ቤት ነው። ኤልሳቤጥ ጋስከል በማንችስተር ከተማ የዩኒቴሪያን ማኅበር ሰባኪ የነበረ ሰው ሚስት ናት። ጆርጅ ኤልየት እየተባለች የምትጠራው ሜሪ አን ኢቫንስ የርስት አስተዳዳሪ ልጅ ስትሆን በወጣትነትዋ እጅግ አጥባቂ ሃይማኖተኛ ነበረች፤ በ1842 ቤተ ክርስቲያን መሄድን ተወች። እንግዲህ ስለ ካህን ቤት ሲጽፉ ከአጥር ውጭ ሆነው በወሬ አልጻፉም። የካህን እራት ምን እንደሚመስል፥ ከስብከቱ በኋላ በቤቱ ምን እንደሚነገር ያውቃሉ።

በወንድ ስም መጻፋቸውም እንደ ማታለል ይቈጠርባቸዋል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሻርሎት ገና ሃያ ዓመት ሲሆናት ግጥሟን ለንጉሡ ባለቅኔ ለሮበርት ሳውዚ ልካ ነበር፤ እርሱም በ1837 በጻፈላት መልስ ድርሰት የሴት ልጅ የሕይወት ሥራ ሊሆን እንደማይችልና እንደማይገባም ነገራት። ደብዳቤውን በትሕትና ተቀበለች፤ መጻፏን ግን አልተወችም። ከዐሥር ዓመት በኋላ «ጄን ኤር» የተባለው መጽሐፍ ከረር ቤል በሚል የብዕር ስም ታተመ።

ይህም መጽሐፍ በወጣ በዓመቱ፥ በታኅሣሥ 1848፥ ኳርተርሊ ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ ኤልሳቤጥ ሪግቢ የምትባል ጸሓፊት መጽሐፉ የክርስትና ተቃዋሚ ነው ብላ ፈረደችበት። ጸሓፊው ሴት ከሆነች በአንዳች ምክንያት ከጨዋ ሴቶች ማኅበር የተለየች መሆን አለባት ብላም ጨመረችበት። ይህ ሲጻፍ ሻርሎት በአባትዋ ቤት ነበረች፤ በዚያው መከር ወንድሟ ብራንዌል በመጠጥ ተጐድቶ ሞቶ፥ እኅቷ ኤሚሊ ታማ በዚያው በታኅሣሥ ወር ሞተች። ዛሬ በከተማችን የምሰማው ነቀፋ ከሪግቢ ነቀፋ አንዲት ፊደል አልጨመረም፤ የጨመረው ነገር ቢኖር አለማንበቡ ነው። ሪግቢስ አንብባለች።

እንግዲህ ታሪኩን እንየው። ጄን አባትና እናት የሌላት፥ ርስትም ሀብትም የሌላት፥ በባለጸጋው በሮቸስተር ቤት ልጅ የምታስተምር ወጣት ናት። ይወዳታል፤ ትወደዋለች። በጋብቻው ዕለት፥ ከመሠዊያው ፊት ቆመው ሳሉ፥ ሰውየው ሚስት እንዳለው፥ እርስዋም አእምሮዋን ስታ በዚያው ቤት በላይኛው ደርብ ተዘግቶባት እንደምትኖር ይገለጣል። ሮቸስተርም ጄንን አብራው ወደ ሌላ አገር እንድትሄድ ይለምናታል፤ ዘመድ የለሽ፥ የሚቀየምሽ የለ፥ ማን ይጐዳል ይላታል። እርስዋም ሌሊት ተነሥታ ትሄዳለች። በቦርሳዋ የነበረው ሃያ ሽልንግ ብቻ ነው፤ እርሱንም ለሠረገላው ከፈለች፤ የያዘችውንም ጥቅል ከሠረገላው ረሳች። ሁለት ሌሊት በሜዳና በዱር ዐደረች። ለዐሣማ ሊደፋ የነበረ የቀዘቀዘ ገንፎ ለምና በላች።

ልጃገረድን በፍቅር ያሰክራል የተባለው መጽሐፍ ይህ ነው። በውኑ ከእኛ መካከል የሚወደውን ነገር ትቶ ስለ ሕግ ገንፎ የለመነ ማን ነው? ልብ በሉ፤ የሄደችው ጥላው አይደለም፤ እየወደደችው ነው። የሚያያት ሰው ሳይኖር፥ የሚቀጣት ዘመድ ሳይኖር ነው። ሕግ የተሠራው ሰው ፈተና በሌለበት ሰዓት እንዲጠብቀው ብቻ እንዳልሆነ የተረዳች ልጅ ናት። ስብከታችን ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር።

ነገር ግን ነቃፊዎቻችን እዚህ ላይ ቢያቆሙ ይሻላቸው ነበር፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ቄስ ነው።

ጄንን ከሞት ያዳናት ሴንት ጆን ሪቨርስ የሚባል ወጣት ካህን ነው፤ ስሙ ራሱ ቅዱስ ዮሐንስ ማለት ነው። ይህ ሰው ክፉ አይደለም። ፍርዱም ከባድ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ዝናብና ውሽንፍር ሳይል ድሆችን ይጐበኛል፤ ለራሱ ምቾት አይፈልግም፤ በሕንድ አገር ወንጌልን ለመስበክ ነፍሱን ለመስጠት ቈርጧል። አንዲት መልከ መልካም ልጅ ይወዳል፤ ለሚሲዮናዊ ሚስት አትሆንም ብሎ ፍቅሩን ከልቡ ነቅሎ ይጥላል። ጄንን ግን አይወዳትም። ታታሪ መሆንዋን፥ ታዛዥ መሆንዋን መዝኖ አይቶ፥ የጀመረችውን የጀርመን ቋንቋ አስትቶ የሕንዶችን ቋንቋ ያስተምራታል፤ በኋላም አግቢኝና ወደ ሕንድ እንሂድ ይላታል። እርስዋም እንደ እኅት ሆኜ እሄዳለሁ፥ ሚስትህ ግን አልሆንም ትለዋለች። በሕንድ ፀሐይ ቶሎ እንደምትሞት እያወቀች ለመሄዱ ፈቅዳለች፤ የከለከለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እርሱም ያን አንድ ነገር ካልሰጠሽ ሌላውን አልቀበልም አለ።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ካህናት በጥሞና እንድታነቡት እለምናለሁ። አልተቈጣም፤ አልሰደባትም። በማታ ጸሎት ጊዜ ከራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 21 አውጥቶ አነበበ፤ ስለሚፈሩና ስለማያምኑ ዕጣ የተነገረው ቃል ዘንድ ሲደርስ ለእርስዋ እንደ ተነገረ አድርጎ አነበበው። እኔን እምቢ ማለትሽ እግዚአብሔርን እምቢ ማለት ነው የሚል ትርጓሜም ሰጣት። የእግዚአብሔርን ፈቃድና የራሱን ፈቃድ አንድ አድርጎ ያያቸዋልና በልቡ ሐሰት የተናገረ አይመስለውም። ልጅቱም ልትሸነፍ አንዲት ቃል ቀርቷት ነበር። ሮቸስተር በኀጢአት ሲጐትታት ያልተናወጸችው ልጅ፥ ካህኑ በጽድቅ ሲጐትታት ልትወድቅ ተቃረበች። የሻርሎት ብሮንቴ ዕውቀት ከዚህ ላይ ይገኛል፤ የቄስ ልጅ ባትሆን ኖሮ ይህን አታውቀውም ነበር እላለሁ።

እኛም በፍትሐ ነገሥት ጋብቻ የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ የሚፈልግ መሆኑን እናነባለን። ዳሩ ግን ፈቃድ ማለት አፍ የተናገረው ነው ወይስ ልብ የተቀበለው? መጽሐፍ ገልጦ፥ የሲኦልን ስም ጠርቶ፥ አባትነቱን አስቀድሞ የተገኘ እሺታ ፈቃድ ነውን? ሪግቢ መጽሐፉን የክርስትና ተቃዋሚ ባለችው ጊዜ ይህን ጥያቄ አልመለሰችም። ደግሞም ደራሲትዋ በሴንት ጆን አልተሣለቀችበትም። የመጽሐፉ መጨረሻ ስለ እርሱ ነው፤ በሩቅ አገር እየደከመ ሞቱን በደስታ ሲጠብቅ በአክብሮት ታሰናብተዋለች። ለሰውየው ክብር ሰጥታ ለጋብቻው ግን እምቢ ማለት ትችላለች።

አንዳንድ የቅኔ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ሰምና ወርቅ ነው፤ ፍቅሩ ሰም ነው፥ ወርቁ ግን ግብረ ገብ ነው ይሉኛል። ይህን አልቀበልም። ሰሙ ቀልጦ የሚፈስ፥ ወርቁ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ደራሲያኑ ፍቅሩን ያን ያህል አይደክሙበትም ነበር። ይልቅስ ነገሩ ኅብር ነው፤ አንዱ ቃል ሳይቀየር ሁለቱን ይናገራል። ሰው እንዴት እንደሚወድድ በተነገረበት ቃል ማን እንደ ሆነ ይነገራል። ሮቸስተር ሲወድድ ትዕቢቱ ይታያል፤ ሴንት ጆን አልወድድም ሲል ትዕቢቱ ይታያል። ፍቅሩን አውጥታችሁ ግብረ ገቡን ልታስቀሩ አትችሉም።

አሁን ወደ ታናሺቱ እኅት ወደ አን ልሂድ፤ ስለ እርስዋ የሚናገር ጥቂት ነውና። በ1848 ያወጣችው መጽሐፍ «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ» ይባላል። ሄለን የምትባል ሃይማኖተኛ ልጅ፥ አክስትዋ እየመከረቻት፥ አርተር ሃንቲንግደን የተባለውን መልከ መልካም ዋልጌ ታገባለች። ለምን ብትሉ ነፍሱን አድነዋለሁ ብላ ነው። እነሆ ሁለተኛው የሃይማኖት ጋብቻ። ሴንት ጆን ነፍሳትን ለማዳን ሚስት ፈለገ፤ ሄለን ነፍስ ለማዳን ባል አገባች። ሁለቱም ሰውን መሣሪያ አደረጉ፤ እርስዋ ግን ዋጋውን ራስዋ ከፈለች። ሰውየው ይሰክራል፤ ሌላ ሴት በቤቱ ያስገባል፤ ያም አልበቃው ብሎ ሕፃን ልጁን ወይን መጠጣትና መሳደብ ያስተምረዋል። የራስዋን መከራ የታገሠች እናት በልጅዋ ነፍስ ላይ ሲመጣ አልታገሠችም። ልጅዋን ይዛ ሸሸች፤ ስምዋን ለውጣ ሥዕል እየሣለች በመሸጥ ኖረች።

ይህ ነገር በእንግሊዝ ሕግ ፊት ምን እንደ ነበረ ያልተረዳ ሰው መጽሐፉን አያውቀውም። በዚያ ዘመን በሕጉ ባልና ሚስት እንደ አንድ ሰው ይቈጠሩ ነበር፤ ያም አንድ ሰው ባልዮው ነው። ሴቲቱ ሥዕል ሸጣ ያገኘችው ገንዘብ የእርሱ ነው፤ ልጁም የእርሱ ነው። እናት ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ልጅዋን ለመያዝ ዳኛን ለመለመን እንኳ የተፈቀደላት በ1839 በወጣ ሕግ ነው፤ የሄለን ታሪክ ግን በ1820ዎቹ የሆነ ተደርጎ የተጻፈ ነውና ያም አልነበረላትም። በ1857 ፍቺ ለመደበኛ ፍርድ ቤት ተሰጠ፤ ባልዮው የሚስቱን ዝሙት ብቻ ማስረዳት ሲበቃው፥ ሚስት ግን በዝሙቱ ላይ ጭካኔን ወይም ጥሎ መሄድን ወይም ይህን የመሰለ ሌላ በደል መጨመር ነበረባት። ይህም እስከ 1923 ድረስ እኩል አልሆነም። ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ የራስዋ ለማድረግ እስከ 1870፥ ንብረትዋን ሁሉ ለመያዝ እስከ 1882 መጠበቅ ነበረባት። በወንጌል ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ የተባለው ስለ ፍቅርና ስለ አንድነት ነው፤ የሕግ ሰዎች ግን ስለ ገንዘብ ተረጐሙት። ይህን ትርጓሜ ከመምህራን ማን አስተማራቸው? የአን ብሮንቴ መጽሐፍ ሕጉን እንጂ ወንጌሉን አልተቃወመም።

ሄለን ባልዋን ካደች የሚሉ ሰዎች መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ሰውየው ታሞ ሁሉ በተወው ጊዜ ተመልሳ ያስታመመችው እርስዋ ናት፤ እስኪሞት ድረስ ንስሐ ግባ እያለች ከአልጋው ሥር አልተለየችም። ከሰካራም ቤት ልጅን ማሸሽና በሽተኛን ማስታመም በአንዲት ሴት ልብ አብረው ይኖራሉ። የእኛ ሽማግሌዎች ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ብቻ ያስተምራሉ።

የሚያሳዝነው ነገር፥ አን በ1849 በ29 ዓመቷ ከሞተች በኋላ እኅቷ ሻርሎት ራስዋ ይህን መጽሐፍ ርእሰ ነገሩ የተሳሳተ ነው ብላ እንደ ገና እንዲታተም አልወደደችም። ስለ ጄን የደፈረችው ሻርሎት ስለ ሄለን ፈራች። ከነቀፋ ሁሉ የቤት ነቀፋ ይከብዳል።

የኤሚሊን «ዉዘሪንግ ሃይትስ» የሚያነሡብኝ አሉ፤ እንደ እሳት የሚያቃጥል ፍቅር የተመሰገነው እዚያ አይደለምን ይሉኛል። እዚያም ቢሆን አልተመሰገነም። ያ ፍቅር ሁለት ቤት አፈረሰ፤ የፈረሰውን ቤት የሚያቆመው በሁለተኛው ትውልድ አንዲት ልጅ አንድን ያልተማረ ወጣት ፊደል ስታስተምረው ነው። ስለ እርሱ ይህ ይበቃል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ሊቃውንትን ወደሚመለከተው መጽሐፍ ደረስሁ። ጆርጅ ኤልየት በ1871ና በ1872 በክፍል በክፍል ያወጣችው «ሚድልማርች» ነው። ዶሮቲያ የምትባል ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ፥ ለታላቅ ሥራ አገልጋይ ለመሆን ጓጕታ፥ ዕድሜው ከአርባ አምስት ያለፈውን ካህንና ሊቅ ካሶቦንን ታገባለች። ሰውየው የአሕዛብን አፈ ታሪክ ሁሉ የሚፈታ ታላቅ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብሎ ዘመኑን በሙሉ ማስታወሻ ሲሰበስብ ኖሯል። መጽሐፉ ግን አይጻፍም። ደግሞም ጀርመንኛ አያነብምና የሚደክምበትን ነገር የጀርመን ሊቃውንት አስቀድመው እንደ ጨረሱት አያውቅም። (ማስታወሻው በሣጥን የሞላ፥ መጽሐፉ ያልተጀመረ ሊቅ በየአገሩ አለ፤ በእኛም አገር የሉም አልልም።) ልጅቱ ለሽርሽር ሮም በወሰዳት ጊዜ ብቻዋን ተቀምጣ ታለቅሳለች። ደራሲትዋ ግን ሽማግሌውን አትዘልፈውም፤ በመካከል ቆም ብላ በልቡ ያለውን ፍርሃት፥ የማይጨርሰውን ሥራ ኀፍረት፥ የሚስቱ ዓይን ዳኛ ሆኖ እንዳይታየው ያለውን ስጋት ትነግረናለች። እኔ ስለ ሊቃውንት ድካም ከዚህ የበለጠ ርኅራኄ ያለበት ነገር አላነበብሁም።

ኀጢአቱ ግን አልተሸፈነለትም። ሊሞት ሲቃረብ፥ ከሞትሁ በኋላ የምፈልገውን ሁሉ እንድታደርጊ፥ ምን እንደ ሆነ ሳትጠይቂ፥ ቃል ግቢልኝ ይላታል። ሌሊቱን ስትጨነቅ አድራ በማግሥቱ እሺ ልትለው ወደ አትክልቱ ቦታ ስትወጣ ሞቶ አገኘችው። በኑዛዜውም ላይ፥ ላድስላው የተባለውን ዘመዱን ያገባች እንደ ሆነ ርስቱን ትጣ የሚል ቃል ጨምሮ ተገኘ። እንግዲህ ሦስተኛው የሃይማኖት ጋብቻ ይህ ነው፤ ልጅቱ ለቅዱስ ሥራ ብላ ገባች፥ ሰውየው መቃብር ውስጥ ሆኖ እንኳ እጁን አላነሣም። ዶሮቲያም ርስቱን ትታ የወደደችውን አገባች።

ካህናትን ሁሉ እንዲህ አድርጋ አልሣለችም። በዚያው መጽሐፍ ፌርብራዘር የሚባል ቄስ አለ። ደሞዙ ጥቂት ነው፤ እናቱን፥ አክስቱንና እኅቱን ያኖራል፤ ገንዘብ ስላነሰውም በካርታ ጨዋታ ጥቂት ያገኛል፤ ይህን እኔም አልወድለትም። ሜሪ ጋርዝ የተባለች ድሀ፥ መልክዋ ያልደመቀ፥ አእምሮዋ ግን እንደ ምላጭ የሆነ ልጅ ይወዳል። እርስዋን ደግሞ ፍሬድ ቪንሲ የሚባል ሥራ ፈት ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳታል፤ አባቱ ሊያቀስሰው ይፈልጋል። ሜሪ ግን ሳይጠራ የቀሰሰ እንደ ሆነ ከቶ አላገባውም ትላለች። የሚያሣቅ የካህን ምስል እንዳይሆንባት ነው። ለክህነት የዚህን ያህል የቀና ቃል የተናገረች ልጅ ክህነትን ናቀች ይባላልን? ስንቱ ነው እንጀራ ለማግኘት ብቻ የሚቀስሰው!

ፍሬድም ልቧን ጠይቅልኝ ብሎ የላከው ይህንኑ ፌርብራዘርን ነው። ቄሱ ሄደ፤ የራሱን ምኞት በአንደበቱ ሳያወጣ የሌላውን ሰው መልእክት ተናግሮ፥ የራሱን ተስፋ በራሱ እጅ ቀብሮ ተመለሰ። በኋላም ፍሬድ ወደ ቁማር ሲመለስ፥ ዝም ቢለው ሜሪ ለእርሱ እንደምትቀርለት እያወቀ፥ ሄዶ አስጠነቀቀው፤ ዝም ልልህ ተፈትኜ ነበር ብሎም ፈተናውን ሳይደብቅ ነገረው። ሴንት ጆን ስለ ጽድቅ ብዙ ተናገረ። ይህ ካርታ ተጫዋች ግን አንድ ቀን መልካም ነገር አደረገ፤ ሁለተኛ ቀንም ደገመው። ስለ ካህን ጠባይ ምሳሌ የሚፈልግ መምህር ቢኖር ከዚህ ይጀምር።

የደራሲትዋን ሕይወት የሚያነሡ ሰዎች መልስ ሊሰጣቸው ይገባል። እርስዋ ከ1854 ጀምሮ እርሱ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ ከጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ጋር ያለ ሕጋዊ ጋብቻ ኖራለች። እርሱ ሚስት ነበረችው፤ ሚስቱ ከሌላ ሰው የወለደችውን ልጅ እንደ ልጁ አድርጎ ስላስመዘገበ በሕጉ ይቅር እንዳላት ተቈጥሮ ሊፈታት አልቻለም። ወንድሟ አይዛክ በ1857 ነገሩን ሲሰማ ግንኙነቱን አቋረጠ፤ በ1880 ሌላ ሰው በሕግ አግብታ እስኪሰማ ድረስ ለ23 ዓመት አንዲት ደብዳቤ አልጻፈላትም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ስትሞት በዌስትሚንስተር አቢ እንድትቀበር የተጠየቀው አልሆነም፤ የመታሰቢያዋ ድንጋይ እዚያ የተቀመጠው በ1980 ነው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝና ያደረገችውን ሕግ አላደርገውም። ነገር ግን ጄን ኤርን ያመሰገንሁበት ሚዛን ኤልየትን ቢከስስ፥ መጽሐፍዋን ግን አይከስስም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቃል ኪዳንን ያቀለለ ሰው ሁሉ ሲጐዳ እንጂ ሲጠቀም አይታይም።

የምነቅፈውም አለኝ። ለጄን በመጨረሻ ከአጎትዋ ሃያ ሺህ ፓውንድ ይወርድላታል፤ ከዘመዶችዋ ጋር አምስት አምስት ሺህ ተካፍለውታል፤ መካፈሏ መልካም ነው። ዳሩ ግን ቤቱ ተቃጥሎ ያቺ የታሰረች ሚስት ሞታ መንገዱ ሲጠረግላት፥ ቤት እንዲመታለት ብሎ ቃል የሚያጣምም ተማሪ ታየኝ። ያቺ በርታ የተባለች ሴት ከጃማይካ የመጣች ናት፤ የሮቸስተር አባት ለልጁ ያጋባት ስለ ሠላሳ ሺህ ፓውንድ ጥሎሽዋ ነው። የአባቶች ስስት የሠራውን ጋብቻ ስንመለከት እርስዋም የምትናገረው ነገር ሊኖራት ይገባ ነበር፤ ሻርሎት ግን ድምፅ እንጂ ቃል አልሰጠቻትም። በ1966 ጂን ሪስ የተባለች በዶሚኒካ ደሴት የተወለደች ደራሲት ያን የጐደለ ቃል በሌላ መጽሐፍ ጽፋዋለች።

አንድ መጽሐፍ ቀረኝ። ኤልሳቤጥ ጋስከል በ1853 «ሩት» የተባለውን መጽሐፍ አወጣች። ሩት እናት አባት የሌላት፥ በልብስ ሰፊ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ቤሊንገም የሚባል ባለጸጋ አታልሎ ወሰዳት፥ ከዚያም ጣላት። ቤንሰን የሚባል ጀርባው የጐበጠ ሰባኪ አንሥቶ በቤቱ አስጠጋት፤ የመንደሩ አፍ እንዳያጠፋትም ባልዋ የሞተባት ናት ብሎ ዋሸላት። ስለዚህ ውሸት ኋላ ብዙ ከፍሏል፤ የማኅበሩ ባለጸጋ እንኳ ጥሎት ሄዷል። ዓመታት አልፈው ያ ሰው ስሙን ለውጦ የተከበረ ሰው ሆኖ ተመለሰ፤ ልጁንም አይቶ፥ አሁን ላግባሽ አላት። መንደሩ ሁሉ፥ ሽማግሌም ቄስም፥ ይህን የሰማ እንደ ሆነ እልል የሚልበት ነገር ነው፤ ነውርዋ ይሸፈናል፥ ልጅዋም አባት ያገኛል። ሩት ግን እምቢ አለች። የሰውየውን ጠባይ አይታዋለችና ልጅዋ በእርሱ እጅ እንዲያድግ አልፈቀደችም።

መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ደራሲትዋ በደብዳቤዋ እንደ ጻፈችው፥ በጸሎት ቤት ከቤተ ሰብዋ አጠገብ ከሚቀመጡት ሰዎች ሁለቱ መጽሐፉን አቃጠሉት፤ ሦስተኛው ሚስቱ እንዳታነበው ከለከላት። ያን ጊዜ ልብ ወለድ ታሪክ በሦስት ጥራዝ ይታተም ነበር። እነዚያ ሁለት ሰዎች ያቃጠሉት የመጀመሪያውን ጥራዝ ነው፤ ልጅቱ የተታለለችበትን። ሩት እምቢ ያለችበት ቃል ግን በዚያ ጥራዝ አልነበረም።